አሥር ሊትር ውኃ ለአንድ መኪና፦ የእጥበት ፊዚክስ በድርቅ ወቅት

አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ውኃ በፈረቃ ከሚደርሳቸው የአዲስ አበባ ሰፈሮች በአንዱ ስናልፍ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ተመለከትን። ከመንገዱ በአንደኛው ወገን ቢጫ ጀሪካኖች በቦኖ ፊት ተሰልፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ። በሌላው ወገን ደግሞ አንድ ሰው የውኃ ጎማ ይዞ መኪናውን ያጥባል። ሳሙና በሚቀባበት ጊዜ እንኳ ውኃው አልተዘጋም ነበር፤ በመኪናው ሥር እያለፈ ወደ ቦዩ ይወርዳል። ይህን ሰው መውቀስ ቀላል ነው። ለእኛ ግን ነገሩ አንድ የፊዚክስ ጥያቄ ሆኖ ታየን፦ አንድን መኪና ንጹሕ ለማድረግ በእርግጥ የሚያስፈልገው ዝቅተኛው የውኃ መጠን ስንት ነው? ቀሪውስ ውኃ ምን ሥራ ይሠራል?

በዚህ ጽሑፍ ለጥያቄው መልስ እንፈልጋለን። የምንጠቀምበት ፊዚክስ ከሁለተኛ ደረጃና ከዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ብዙም አይርቅም። ውጤቱ ግን ከልማዳችን ጋር በብዙ ቦታ እንደሚጋጭ አንባቢው ራሱ ያያል።

ስንት እናፈሳለን? ስንትስ ያስፈልጋል?

በመጀመሪያ የምናፈሰውን እንለካ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በጎማ ለመሙላት 80 ሰከንድ ይፈጃል እንበል። ይህ ማለት በደቂቃ 15 ሊትር ይፈሳል ማለት ነው። ጎማው ለ10 ደቂቃ ክፍት ከቆየ 150 ሊትር፣ ማለትም ሰባት ጀሪካን ተኩል ፈሰሰ። በአደጋ ጊዜ ለተፈናቀሉ ሰዎች በዓለም አቀፍ ደረጃ የተቀመጠው ዝቅተኛ መጠን ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ነው። እንግዲህ በ10 ደቂቃ የፈሰሰው ውኃ ለአሥር ሰዎች አንድ ቀን ያዋላቸው ነበር።

አሁን ደግሞ የሚያስፈልገውን እንገምት። የአንዲት አነስተኛ የቤት መኪና የውጭ አካል፣ መስታወቱን ጨምሮ፣ በግምት 10 ካሬ ሜትር ስፋት አለው። ይህን ገጽ በሙሉ 0.1 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው የውኃ ንጣፍ ለመሸፈን የሚበቃው ውኃ ስፋቱን በውፍረቱ በማባዛት ይገኛል፦ 10 ካሬ ሜትር ሲባዛ በ0.0001 ሜትር፣ 0.001 ኪዩቢክ ሜትር፤ ይኸውም አንድ ሊትር ብቻ ነው! መኪናውን እንዲህ ባለ ንጣፍ ሦስት ጊዜ ብንሸፍነው እንኳ ሦስት ሊትር ይበቃናል። በ150 እና በ3 መካከል ያለው ልዩነት አርባ ሰባት ሊትር እንኳ ቢሆን በገረመን ነበር፤ እርሱ ግን 147 ሊትር ነው። ይህ ውኃ ከመኪናው ገጽ ጋር ለአንድ አፍታ ተገናኝቶ ወደ መሬት የወረደ ነው።

ይሁን እንጂ ውኃን መቀነስ ብቻውን ብልሃት አይደለም። ያለ ዕውቀት የቀነስን እንደሆነ የመኪናውን ቀለም እናበላሻለን። ምክንያቱን ለመረዳት የአቧራን ጠባይ መመርመር አለብን።

አቧራ ለምን አይረግፍም?

በቁም ግድግዳ ላይ የተቀመጠ ጠጠር ወዲያውኑ ይወድቃል። በመኪና በር ላይ ያለ አቧራ ግን በሩ ቁልቁል የቆመ ሆኖ ሳለ አይወድቅም። ልዩነቱ የመጠን ነው። አንድ ቅንጣት ከገጽ ጋር ሲነካካ በሞለኪውሎች መካከል የሚፈጠር ደካማ ስበት ይይዘዋል። ይህ ጉልበት በ1910 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ባገኘው በኔዘርላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ በቫን ደር ዋልስ ስም ይጠራል። ቅንጣቱን እንደ ድቡልቡል ኳስ ብንቆጥረው የሚይዘው ጉልበት ከራዲየሱ ጋር በቀጥታ ያድጋል፤ ክብደቱ ግን ከራዲየሱ ኪዩብ ጋር ያድጋል። ስለሆነም ቅንጣቱ በአሥር እጥፍ ሲያንስ የሚይዘው ጉልበት በአሥር፣ ክብደቱ ግን በሺሕ እጥፍ ይቀንሳል።

በቁጥር እንየው። ራዲየሱ 10 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ መቶኛ) የሆነ የኳርትዝ ቅንጣት ፍጹም ለስላሳ በሆነ ገጽ ላይ ቢያርፍ፣ የሚይዘው ጉልበት በግምት አንድ ሚሊዮንኛ ኒውተን ነው። ክብደቱ ግን ከዚህ አሥር ሺሕ ጊዜ ያህል ያንሳል። ራዲየሱ አንድ ሚሊሜትር ለሆነ ቅንጣት ሁለቱ ይቀራረባሉ። እውነተኛ ገጾች ሻካራ በመሆናቸው ጉልበቱ ከዚህ ስሌት በታች ይሆናል፤ ቢሆንም ደቃቅ አቧራ በክብደቱ ብቻ እንደማይረግፍ ግልጽ ነው።

ጥቂት እርጥበት ከደረቅም ይብሳል

ብዙ ሰው ውኃ ሲያጥረው ጨርቅ በጥቂቱ ያረጥብና መኪናውን ይወለውላል። ይህ ጥሩ ቁጠባ ይመስላል። ነገር ግን ፊዚክሱ ሌላ ይላል።

በአቧራው ቅንጣትና በመኪናው ገጽ መካከል ጥቂት ውኃ ሲገባ በሁለቱ መካከል ትንሽ የውኃ ድልድይ ይሠራል። የውኃ የገጽ ውጥረት ይህን ድልድይ ለማሳጠር ስለሚጥር ቅንጣቱን ወደ ገጹ ይጎትተዋል። በወንዝ ዳር የሚጫወቱ ሕፃናት ይህን ያውቁታል፤ ደረቅ አሸዋ ይፈርሳል፣ እርጥብ አሸዋ ቤት ይሠራበታል፣ በውኃ የተጥለቀለቀ አሸዋ ግን መልሶ ይፈርሳል። ለዚያው ባለ 10 ማይክሮሜትር ቅንጣት የውኃው ድልድይ ጉልበት እስከ 9 ሚሊዮንኛ ኒውተን ይደርሳል። ይህም በደረቅነቱ ካሰላነው ዘጠኝ እጥፍ ነው።

ቅንጣቱ ሙሉ በሙሉ በውኃ ሲዋጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በዙሪያው አየርና ውኃ የሚገናኙበት ወሰን ስለማይኖር ድልድዩ ይጠፋል። በተጨማሪም በመካከል የገባው ውኃ የቫን ደር ዋልስን ጉልበት ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ያወርደዋል። በመሆኑም በእርጥብና በተዋጠ ቅንጣት መካከል ያለው ልዩነት በዚህ ስሌት ዘጠና እጥፍ ያህል ነው።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው፦ ውኃ ሲያንስ ያለንን ውኃ በመኪናው ሁሉ ላይ ስስ አድርገን መበተን የለብንም። አንዱን ክፍል፣ ለምሳሌ አንዱን በር፣ በደንብ አርሰን፣ ጨርሰን፣ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው መሄድ አለብን።

ቀለሙን የሚቧጭረው ማነው?

በሞስ የጥንካሬ መለኪያ ኳርትዝ 7 ሲሆን የመስኮት መስታወት 5.5 ገደማ ነው። በመኪና ቀለም ላይ ያለው ግልጽ ሽፋን ደግሞ ከመስታወትም እጅግ የላላ ፕላስቲክ መሰል ቁስ ነው፤ ውፍረቱም በአብዛኛው ከ40 እስከ 50 ማይክሮሜትር ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት በደረቅ ጨርቅ አቧራን ማራገፍ ማለት እንግዲህ ኳርትዝን በዚህ ስስ ሽፋን ላይ ማሸት ነው።

ውጤቱን ለማየት ምሽት ላይ አንድ የታጠበ ጥቁር መኪና ከመንገድ መብራት ሥር ተመልከቱ። በመብራቱ ነጸብራቅ ዙሪያ የሸረሪት ድር የመሰሉ ክቦች ይታያሉ። ጭረቶቹ ግን ክብ አይደሉም። በየአቅጣጫው የተበተኑ ናቸው፤ ብርሃኑን ወደ ዓይናችን የሚመልሱት በነጸብራቁ ዙሪያ እንደ ክብ የተጋደሙት ብቻ ስለሆኑ ነው ክብ የሚመስሉን። ቦታችንን ስንለውጥ ክቦቹም አብረውን ይሄዳሉ።

ጎማው ብቻውን ለምን አያጸዳም?

አንድ ሰው “ሳልነካው በብዙ ውኃ ባስወግደውስ?” ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን የሰጠን ጀርመናዊው ሉድቪግ ፕራንትል በ1904 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ሐሳብ ነው። ፈሳሽ በጠጣር ገጽ ላይ ሲሄድ ከገጹ ጋር የሚነካካው ንጣፍ ፍጥነቱ ዜሮ ነው። ፍጥነቱ ከገጹ እየራቅን ስንሄድ ቀስ በቀስ ይጨምራል። በሰከንድ ሁለት ሦስት ሜትር በሚሄድ የጎማ ውኃ ሥር ዝግ ብሎ የሚጓዘው ንጣፍ ጥቂት አሥር ማይክሮሜትር ውፍረት አለው። ደቃቁ አቧራ በዚህ ንጣፍ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። በጎማ ብቻ የታጠበ መኪና ሲደርቅ ዳመና የመሰለ አቧራ የሚታይበት ለዚህ ነው። ውኃውን እጥፍ ብናደርገው ንጣፉ ጥቂት ይሳሳል እንጂ አይጠፋም።

የላቫጆ ማሽን ይህን ችግር የሚያቃልለው በውኃ ብዛት ሳይሆን በኢነርጂ ነው። በ100 ባር ግፊት የሚወጣ አንድ ሊትር ውኃ 10 ሺሕ ጁል ኢነርጂ ይይዛል፤ በ3 ባር የቧንቧ ግፊት የሚወጣው ግን 300 ጁል ብቻ። ማሽን በሌለበት ግን ንጣፉን ሰብሮ የሚገባው ለስላሳ ጨርቅና የሰው እጅ ነው። ስለዚህ መንካት ግድ ነው። ዋናው ጉዳይ የሚነካው ጨርቅ ንጹሕ ሆኖ መቆየቱ ነው።

የባልዲው ሒሳብ

ወደ ጽሑፋችን እምብርት ደርሰናል። አንድ ጨርቅ ከወለወለ በኋላ 0.25 ሊትር ቆሻሻ ውኃ ይዟል እንበል። ለማለቅለቂያ 4 ሊትር ንጹሕ ውኃ አለን። ቆሻሻው በውኃው ውስጥ እኩል ይበተናል ብለን እናስብ።

ሀ) አራቱንም ሊትር በአንድ ባልዲ አድርገን አንድ ጊዜ ብናለቀልቅ በጨርቁ የሚቀረው ቆሻሻ 0.25 ሲካፈል ለ4.25፣ ማለትም ከ17 አንዱ ነው።

ለ) ውኃውን ሁለት ቦታ ከፍለን፣ በሁለት ባልዲ ሁለት ሁለት ሊትር አድርገን፣ በተከታታይ ብናለቀልቅ የሚቀረው ከ9 አንዱ ሲባዛ በ9 አንዱ፣ ማለትም ከ81 አንዱ ነው።

ሐ) አራት ቦታ ከፍለን አንድ አንድ ሊትር ብናደርገው የሚቀረው ከ625 አንዱ ነው።

ውኃው ያው አራት ሊትር ነው። የተለወጠው አከፋፈሉ ብቻ ነው። እናቶቻችን ልብስን በአንድ ትልቅ ገንዳ ከማለቅለቅ ይልቅ በጥቂት ውኃ ሦስት ጊዜ ማለቅለቅን የመረጡት ይህን ሒሳብ በእጃቸው ስለሚያውቁት ነው። በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራም ዕቃዎች የሚለቀለቁት በዚሁ ሥርዓት ነው።

ነገር ግን ከዚህም የሚበልጥ፣ ምንም ውኃ የማይጠይቅ መንገድ አለ። ጨርቁን ከእያንዳንዱ ባልዲ በፊትና በኋላ አጥብቀን ብንጨምቀውና በውስጡ የሚቀረው 0.1 ሊትር ብቻ ቢሆን፣ በሁለት ባልዲ የሚቀረው ቆሻሻ ከ21 አንዱ ሲባዛ በ21 አንዱ፣ ማለትም ከ441 አንዱ ይሆናል። በሁለት ባልዲ ብቻ ወደ አራቱ ባልዲ ውጤት ተቃረብን ማለት ነው። የእጅ ጉልበት ውኃን ተካ!

በባልዲው ውስጥ ያለው ቆሻሻ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይዘቅጣል። የአየርላንድ ተወላጁ ሊቅ ጆርጅ ስቶክስ በ1851 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ቀመር መሠረት፣ ዲያሜትሩ 50 ማይክሮሜትር የሆነ የኳርትዝ ቅንጣት በውኃ ውስጥ በሰከንድ 2.2 ሚሊሜትር ያህል ይወርዳል። ሃያ ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለውን ውኃ በአንድ ደቂቃ ተኩል ይጨርሳል። ዲያሜትሩ 5 ማይክሮሜትር የሆነው ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። ውኃው ድፍርስ ሆኖ ቢታይም አብዛኛው ትልልቅና ቧጫሪ አሸዋ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከታች ያርፋል። ስለሆነም ሁለት ጨርቅ እያፈራረቅን፣ አንዱን አለቅልቀን ባልዲውን ማሳረፍ፣ ጨርቅ ስንነክርም የባልዲውን ታች አለመንካት ብዙ ይጠቅማል።

ሳሙናና ፀሐይ

ሳሙና የውኃን የገጽ ውጥረት ከግማሽ በታች ያወርዳል፤ ውኃው እንዲንጣለልና ቅባትን እንዲከብብ ያደርጋል፣ በጨርቅና በቀለም መካከል ያለውን ሰበቃም ይቀንሳል። ሆኖም ሳሙናው ከተወሰነ መጠን ካለፈ በኋላ የገጹ ውጥረት ከዚያ በታች አይወርድም፤ ትርፉ አረፋ ብቻ ነው። አረፋ ደግሞ ማለቅለቂያ ውኃ ይጠይቃል። ለሁለት ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል።

ፀሐይ ሌላዋ ተፎካካሪ ናት። በእኩለ ቀን አንድ ካሬ ሜትር የጠቆረ ጣሪያ 800 ዋት ያህል ሙቀት ሊቀበል ይችላል። በላዩ ያለውን የ0.1 ሚሊሜትር ውኃ፣ ማለትም 100 ግራም፣ ለማትነን 245 ሺሕ ጁል ያስፈልጋል። ይህ በአምስት ደቂቃ ገደማ ይሟላል። ውኃው ሲተን በውስጡ የሟሟው ጨውና ኖራ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል፤ አቧራውም መልሶ ይጣበቃል። ከዚህ በተጨማሪ በቁም በር ላይ ያለ የውኃ ንጣፍ በራሱ ክብደት ወርዶ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ወደ 0.03 ሚሊሜትር ይሳሳል። ስለዚህ ውኃው በቦታው እንዲቆይ የራሰ ጨርቅ በሩ ላይ ማልበስ ይበጃል። እጥበቱም በማለዳ ወይም በጥላ ሥር ይሁን።

አሥሩን ሊትር እንዴት እናከፋፍለው?

ከላይ የተባለውን አንድ ላይ ስናደርገው የሚከተለው ሥርዓት ይገኛል።

1. ሦስት ሊትር ለማራሻ። ክዳኑ በመርፌ በተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ ከጣሪያ ጀምረን ወደ ታች፣ አንድ ክፍል በአንድ ጊዜ እናርሳለን። የራሰ ጨርቅ አልብሰን አንድ ደቂቃ እንጠብቃለን፤ ጨርቁን ስናነሳ ሳናሽ ነው።

2. ሁለት ሊትር ለሳሙና። ጨርቁን በቀጥታ መስመር፣ ሳንጫን፣ ከላይ ወደ ታች እንስባለን።

3. አራት ሊትር ለጨርቅ ማለቅለቂያ፣ በሁለት ባልዲ። ጨርቁ ሁልጊዜ መጀመሪያ ቆሻሻው ባልዲ፣ ቀጥሎ ንጹሑ ባልዲ ውስጥ ይገባል። የመጀመሪያው እጅግ ሲደፈርስ ለጎማዎቹ ይሆናል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ቦታ ይይዛል።

4. አንድ ሊትር ለመጨረሻ ማጥሪያ። ሳሙናውን በንጹሕ ጨርቅ አንስተን ወዲያውኑ በደረቅ ጨርቅ እናደርቃለን።

በጭቃ የተለወሰ መኪና በዚህ መጠን አይጸዳም፤ ጭቃው አስቀድሞ ረጥቦ መለስለስ አለበት። ከሁሉ የሚበልጠው ቁጠባ ግን አለማጠብ ነው። በቀለም ላይ ያለ ደረቅ አቧራ ካልተሸ ጉዳት የለውም። የፊት መስታወት፣ የመብራትና የሰሌዳ ንጽሕና ግን የደኅንነት ጉዳይ ነው። ለእነርሱ አንድ ሊትር ይበቃል።

ቁጠባው ለማን ይደርሳል?

የደቡብ አፍሪካዋ ኬፕታውን ከ2015 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. በደረሰባት ድርቅ የቧንቧ ውኃዋ ሊቋረጥ ተቃርቦ ነበር። ከየካቲት 2018 እ.ኤ.አ. መባቻ ጀምሮ ለአንድ ሰው በቀን የተፈቀደው 50 ሊትር ብቻ ነበር። መኪናን በሚጠጣ የቧንቧ ውኃ ማጠብ ተከለከለ። የከተማይቱ የቀን ፍጆታ ከድርቁ በፊት ከነበረው ከግማሽ በታች ወረደ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ዝናብ እስኪመጣ ድረስም ቧንቧዎቹ አልተዘጉም። ያዳናት መኪና አለማጠብ ብቻ ነው አንልም፤ የብዙ ትንንሽ ቁጠባዎች ድምር ነው።

በእኛ አገር ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በቦረናና በሶማሌ ክልል አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው ብዙ ከብት አልቋል። እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን ይገባናል። በአዲስ አበባ የቆጠብነው ባልዲ ውኃ ቦረና አይደርስም፤ በመካከሉ ቧንቧ የለም። ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ውኃ ግን አንድ ከተማን የሚያጠጣ ነው። በአንዱ ደጃፍ በከንቱ የፈሰሰው 140 ሊትር በዚያው መሥመር ፈረቃውን ከሚጠብቀው ጎረቤት የተቀነሰ ነው። ቁጠባው የሚደርሰው ለእርሱ ነው።

በመግቢያችን ያነሳነው ሰው ክፉ ሰው አልነበረም። ውኃ በበዛ ቁጥር ንጽሕና የሚበዛ ይመስለው ነበር፤ እኛም ሒሳቡን እስክንሠራ ድረስ ከእርሱ ብዙም የራቀ አስተሳሰብ አልነበረንም። ንጽሕና የሚገኘው ግን ከውኃው ብዛት ይልቅ ከአከፋፈሉ ነው።

መልመጃ

1. በቤታችሁ ያለው ጎማ በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚያፈስ በጀሪካንና በሰዓት ለኩ። መኪና በሚታጠብበት ጊዜ ስንት ጀሪካን ይፈሳል?

2. አንድን ጨርቅ በደረቁና በውኃ ነክራችሁ ከጨመቃችሁት በኋላ መዝኑ። በውስጡ የቀረው ውኃ ስንት ነው? በዚህ ቁጥር የባልዲውን ሒሳብ እንደገና ሥሩ።

3. በምሳሌያችን ሳይጨመቅ 0.25 ሊትር የሚይዘው ጨርቅ በ4 ሊትር ውኃ በስምንት ተከታታይ ባልዲዎች፣ በእያንዳንዱ ግማሽ ሊትር ቢለቀለቅ ምን ያህል ቆሻሻ ይቀራል? ባልዲዎቹ እያነሱ ቁጥራቸው ያለ ገደብ ቢጨምርስ ውጤቱ ወደ ምን ይጠጋል?

4. በሰፈራችሁ በባልዲ መኪና የሚያጥቡ ወጣቶች ካሉ አንድ መኪና በስንት ሊትር እንደሚያጥቡ ጠይቁ፤ አሠራራቸውንም ከዚህ ጽሑፍ ጋር አነጻጽሩ። ከእነርሱ የምንማረው ነገር ብታገኙ አትደነቁ።